በአውሎ ነፋሱ የሞተችው ጫልቱ በዳሳ በመዝገብ እንድትጻፍ

ሐምሌ 9 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለከፍተኛው የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ሚያዝያ 24 ቀን በደረሰው የአውሎ ነፋስ ጉዳት ላይ የተጻፈው ሪፖርት እንዲታረም ስለማመልከት

ጓድ ሊቀ መንበር፦

እኔ አመልካች ኤርሳዶ ላምቤቦ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በስተምሥራቅ ባለው የመንደራችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለአሥራ አራት ዓመት በዘበኝነት የሠራሁ ነኝ። መጻፍ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ የፊደል ግድፈት ቢገኝ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ አቤቱታዬን ለአራተኛ ጊዜ በትሕትና አቀርባለሁ።

1. በተባለው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከለሚ መንደር በኩል አቧራ እንደ ምሰሶ ቆሞ መጣ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነፋስ አይቼ አላውቅም። የሠላሳ አንድ ቤት ቆርቆሮ ገነጣጥሎ ከወሰደ በኋላ ወደ ትምህርት ቤቱ ዞረ።

2. የሦስተኛ ክፍል መምህርት ፀሐይነሽ በር ላይ ቆመው፣ “ጋሼ ኤርሳዶ፣ ልጆቹን ላስወጣቸው ወይስ እዚሁ ላቆያቸው?” ብለው ጠየቁኝ። እኔም፣ “ያቆዩዋቸው፣ ሜዳ ላይ ቆርቆሮ ይቆርጣቸዋል፤ ግንቡ ይሻላል” አልኋቸው። ስለ ግንብ የማውቀው ነገር የለም። የጠየቁኝ በዕድሜ ስለምበልጣቸው ይመስለኛል። ወዲያው የብሎኬቱ ግድግዳ ወደ ውስጥ ወደቀ። ሌሎቹ ልጆች በቁስል ተረፉ። ጫልቱ በዳሳ የተባለችውን የዘጠኝ ዓመት ተማሪ ብሎኬቱን አንሥቼ ያገኘኋት እኔ ነኝ። አንድ ጫማዋ ወልቆ ስለነበር ፈልጌ አደረግሁላት። ለምን እንዳደረግሁ አላውቅም። ጩኸቱን ሰምተው ከደረሱት አባቷ ጋር ተሸክመን ጤና ጣቢያ ስንደርስ ሕይወቷ አልፎ ነበር።

3. ጉዳቱን የሚያጣራው ኮሚቴ የመጣው በስድስተኛው ቀን ነው። በሪፖርቱ ላይ “በንብረት መጠነኛ ጉዳት ደርሷል፤ በሰው ሕይወት የደረሰ ጉዳት የለም” ተብሎ ተጻፈ። ምክንያቱን ስጠይቅ፣ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል እየተዘጋጀን ሳለ የሞት ወሬ ከእኛ ዘንድ መውጣት የለበትም ተባልኩ። ጉዳቱ መጠነኛ በመባሉም ለትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ አልተፈቀደም፤ ልጆቹ ዓመቱን ሳይጨርሱ ተበተኑ። ቤት የፈረሰባቸው ነዋሪዎች ይህን ክረምት በሸራ ሥር ናቸው።

4. በሪፖርቱ የሞተ ሰው ስለሌለ ጫልቱ በቤተሰቧ የራሽን ካርድ ላይ በሕይወት እንዳለች ናት። እናቷ ወይዘሮ ደሪቱ ስሟ እንዲሰረዝ ቢጠይቁ “የሞት ማስረጃ አምጪ” ተባሉ። ማስረጃውን የሚሰጠው ያው የጠየቃቸው ቀበሌ ነው። ስለዚህ በየወሩ የልጅቱ ስኳር ይሰፈርላቸዋል። በሰኔ ወር በቀበሌው ሱቅ ድርሻዋን ባንኮኒው ላይ ትተው ሲወጡ ከኋላቸው ተሰልፌ ነበር። የሱቁ ሠራተኛ፣ “እትዬ ደሪቱ፣ ይውሰዱት እንጂ፤ ካርዱ የሚለው ስድስት ሰው ነው” አላቸው። እሳቸውም፣ “የማን ነው ብዬ ልውሰደው?” ብለው ሄዱ። ሲያልፉ ሰላም አሉኝ። ልጅቱ ከሞተችበት ቀን ወዲህ ከሰላምታ በላይ ተነጋግረን አናውቅም።

5. ልጆቹን ያቆዩዋቸው ያልሁት እኔ መሆኔን ጽፌ ለኮሚቴው ሰጥቼ ነበር። ጸሐፊው፣ “የሞተ ከሌለ ጥፋተኛ የለም፤ አርፈህ በርህን ጠብቅ” ብሎ ወረቀቴን መለሰልኝ። የሚቀጣኝም የሚምረኝም አላገኘሁም።

ስለዚህ ሪፖርቱ ታርሞ፣ ጫልቱ በዳሳ ሚያዝያ 24 ቀን 1976 ዓ.ም. በክፍሏ ውስጥ ግድግዳ ተንዶባት መሞቷ እንዲጻፍ፣ ለእናቷ ማስረጃው እንዲሰጥ፣ የእኔም ጥፋት እንዲመረመር አመለክታለሁ።

ያለፉት ሦስት አቤቱታዎቼ መልስ ስላላገኙ ይህንንም ተስፋ አድርጌ አልጻፍሁትም። የጠየቅሁት ሁሉ የማይቻል ከሆነ ግን ወረቀቱ እንዳይጣልብኝ እለምናለሁ። መዝገብ ቤት ቁጥር ይሰጠውና ይቀመጥ። መሞቷ የተጻፈበት ሌላ ወረቀት በመንግሥት ቤት የለም።

ከአክብሮትና ከኀዘን ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ኤርሳዶ ላምቤቦ
የትምህርት ቤቱ ዘበኛ