ያልተሰመረበት ግማሽ ገጽ

ለተወደድሽው እህቴ ለኢርማ፤

እንደምን ከረምሽልኝ፣ እታለም? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ ቀጭ የሚለው ነገር ተወሽ ወይስ አሁንም ሐኪሙን እያታለልሽው ነው? ባልሽ ግራንትስ ደም ግፊቱ ወረደለት? ልጅሽ ታሪንስ ከዚያ ጀልባ ጠጋኝ ልጅ ጋር አብራ ናት ወይስ ተለያዩ? ንገሪኝ፤ ከእኔና ከመላው የኪቪላ መንደር ሌላ ማንም አይሰማም። የአማትሽ የወይዘሮ ዶሪስ ዓይን ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ፊደል ለየላቸው? እኔ ደኅና ነኝ። የእማማ ቤት ጣሪያ ገና አንድ ክረምት ይችላል። ሐይቁም ደኅና ነው፤ ይህን ስጽፍልሽ ጭጋጉን እስከ አንገቱ ስቦ ተኝቷል። ከወጥ ቤቱ መስኮት የሚታየኝ የጀልባ መቆሚያው ጫፍ ብቻ ነው፤ እሱም አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም።

ሦስት ወር ሳልጽፍልሽ የቀረሁት ተቀይሜሽ አይደለም። በስልክ በጠየቅሽኝ ቁጥር «ሥራ በዝቶብኝ ነው» እያልኩ ሸነገልኩሽ። አሁን ነገሩ ስላለፈ፣ ከሰው አፍ ሳትሰሚው ከሥሩ ልንገርሽ።

ጋሽ አርቮ ሌህቲነንን መቼም አትረሺያቸውም፤ ከአባባ ጋር መረብ ይጥሉ የነበሩት፣ የኪቪላን የውሃ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት የያዙት። በሰኔ መጨረሻ ውሃው ላይ ክሎሪን የምታንጠባጥበው ፓምፕ ቀጥ አለች። እሳቸው እስኪደርሱ ሰው ጠጥቷል። በአረጋውያን ቤት አሥራ አንድ ሰው ሲያስመልሰው ሰነበተ፤ የሞተ የለም፣ ተመስገን፤ መንደሩ ግን ሁለት ሳምንት ውሃ አፍልቶ ጠጣ። ያን ጊዜ የውሃ ቤቱ ባለቤት የሆነው የመንደሩ ምክር ቤት ጣቱን ወደ ጋሽ አርቮ ቀሰረ። ፓምፗ መድከሟን እያወቁ ደብቀዋል፣ የሙያ ፈቃዳቸው ይነጠቅ ተባለ። እሳቸው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚሉት፦ «በሚያዝያ ለሌምፒ ነግሬያታለሁ።»

ለእኔ ማለታቸው ነው። የውሃ ተቆጣጣሪዋ እኔ ነኝና።

አለቃዬ ስትጠይቀኝ ደብተሬን ከቁም ሣጥኑ አስወጥቼ የሚያዝያውን ገጽ ገለጥኩ። የለም። አርባ የውሃ ቤት ነው የምዞረው፤ ጭንቅላቴም ውስጥ ፈለግሁት፣ እዚያም የለም። «በደብተሬ አልሰፈረም» ብዬ ፈረምኩ።

በማግስቱ እትዬ ሳይማ፣ የጋሽ አርቮ ባለቤት፣ ዱቄት ልገዛ ገብቼ ሱቁ ውስጥ አገኙኝ። ታውቂያቸዋለሽ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ አያውቁም። «ይቺ ናት ያቺ ጻፊዋ!» አሉ ለባለሱቁ። «ደመናውን ትጽፋለች፣ ነፋሱን ትጽፋለች። የእኔ ባል ግን ከነፋስ ቀለለባት።» ዱቄቱን ትቼው ወጣሁ።

አንቺ «ያ ጥቁር ደብተርሽ ባል ሆነብሽ» እያልሽ የምትስቂበት ደብተር ለእኛ ለተቆጣጣሪዎች ምን እንደሆነ መቼም በቅጡ ነግሬሽ አላውቅም። ገጾቹ ተቆጥረው ነው የሚሰጡን፤ አንድ ቅጠል መቅደድ አይቻልም። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ አየሩ፣ አብሮሽ ማን እንዳለ፣ ከዚያ ያየሽውና የሰማሽው። ከተሳሳትሽ አትደልዢም፤ ስሕተቱ እየተነበበ አንድ መስመር ታሳልፊበትና ስምሽን ትፈርሚያለሽ። ስትጨርሺ የተረፈውን ባዶ ቦታ ከጥግ እስከ ጥግ ታሰምሪበታለሽ፣ በኋላ ማንም ምንም እንዳይጨምርበት። በዓመቱ ሰው ፊት ቆመሽ ስትጠየቂ ያንን ገልጠሽ ታነቢያለሽ፤ የምታነቢውም ጽሑፉን ከቀኑ ጋር ነው። እኔ የጻፍኩትን ሳነብ ቀኑ እንደ በር ይከፈትልኛል፤ ሽታው፣ ብርሃኑ፣ የጫማዬ እርጥበት ሳይቀር ይመጣል። አየሩን የምንጽፈው ለዚህ ይመስለኛል።

ነሐሴ ላይ፣ የጋሽ አርቮ ፈቃድ የሚታይበት ችሎት ሲቃረብ፣ አንድ ጠዋት ቢሮ ቀድሜ ገብቼ ገጹን ድምፅ አውጥቼ አነበብኩት። «ሚያዝያ 19። ከጠዋቱ 3፡40። የኪቪላ ውሃ ቤት። አርቮ ሌህቲነን አብረውኝ አሉ። ፀሐይ፣ ነፋስ የለም። በረዶው እየለቀቀ ነው።» ከሥሩ ሁለት የክሎሪን ልኬት። ከዚያ ግማሽ ገጽ ነጭ። ያልተሰመረበት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሠራ አንድም ባዶ ቦታ ሳላሰምር ትቼ አላውቅም፤ ወይም አላውቅም ብዬ አምን ነበር።

«በረዶው እየለቀቀ ነው» የሚለውን ሁለተኛ ሳነበው፣ እታለም፣ ድምፁ መጣ። የወሽመጡ በረዶ ሲበታተን እንዴት እንደሚያቃጭል ታውቂያለሽ፤ ሌላ ክፍል ውስጥ ሺህ ብርጭቆ ቀስ ብሎ የሚደረደር ይመስላል። ጋሽ አርቮ በሩን ከፍተው «ነይ ውጪ፣ ይሄ በዓመት አንዴ ነው፤ ደብተሩ የትም አይሄድም» አሉኝ። ደብተሩን ቧንቧው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ሁለታችን ዳር ላይ ቆመን ነጩ እየተነቀለ፣ ጥቁሩ ውሃ እየሰፋ ሲሄድ አየን። ምድሩ ራሱ የሚሄድ እየመሰለኝ የእንጨቱን ምሰሶ ይዤ ነበር። ጋሽ አርቮም ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ለሐይቁ እንደሚያወሩ ሁሉ፣ «ይቺ ፓምፕ ደክማለች፣ ልጄ» አሉ። «ለምክር ቤቱ ጸሐፊ ሱቅ ውስጥ ሁለት ጊዜ ነግሬዋለሁ። ‹ለመከር እናያለን› ነው የሚለኝ። እኔ መጻፍ ላይ የለሁበትም። አንቺ ከጻፍሽው ግን ይሰማሉ። ጻፊልኝ።»

«እሺ፣ መኪና ውስጥ ስገባ» አልኩ።

መኪና ውስጥ ገባሁ። ያ ቅጭልጭልታ ጆሮዬ ውስጥ እንዳለ ነበር፤ መስኮቱን ከፍቼ እየነዳሁ ወደሚቀጥለው መንደር ሄድኩ። ሌላ ምንም የለም። አንድ ደግ ሰው የሰጠኝን አደራ ያጠፋሁት በክፋት ቢሆን ኖሮ እንኳ የማወራው ነገር ይኖረኝ ነበር። ያጠፋሁት በደስታ ነው።

ኖርምን ታውቂዋለሽ፣ አብሮኝ የሚሠራው፣ ያ ቀልደኛው። ፊቴን አይቶ «ምን ሆንሽ፣ ሰው የሞተብሽ ትመስያለሽ» አለኝ። ገጹን አሳየሁት፣ ነገርኩት። አይቶ አይቶ፣ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋና «እና ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ። «ቦታው አለ። እጁም ያው እጅ ነው፣ ብዕሩም ያው ብዕር። የምትጽፊውም ውሸት አይደለም። አንቺም ትተርፊያለሽ፣ ሽማግሌውም ይተርፋሉ።»

«መቼ እንደጻፍኩት ግን አንተ ታውቃለህ» አልኩት።

«እኔ? እኔ የሠርጌን ቀን የማላስታውስ ሰው ነኝ። ሚስቴን ጠይቂያት።»

ሳቅሁ። ግን ብዕሩን አንስቻለሁ፣ ላንቺ አልደብቅም። ያ ነጭ ቦታ ይጠራኝ ነበር። አራት መስመር ይበቃዋል። እውነት ነው፤ ጋሽ አርቮ ብለዋል፤ ሰምቻለሁ። ሚያዝያን ወደ ሚያዝያ ብመልሰው ማን ይጎዳል? የብዕሩ ጫፍ ከወረቀቱ አንድ ጣት ሲቀረው፣ የማላውቃት የሌላ ሴት እጅ የማይ መሰለኝ፤ አንዴ ከጻፈች፣ እስከ ዛሬ የጻፍኩት ሁሉ፣ ያ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሙሉ፣ እሷ የጻፈችው ይሆናል። ነሐሴ ወዳለበት ገጽ ገልብጬ ጻፍኩ፦ «ነሐሴ 23። ከጠዋቱ 1፡50። ቢሮ። ዝናብ። ኖርም አብሮኝ አለ። የሚያዝያ 19ን ገጽ ሳነብ ያን ቀን አርቮ ሌህቲነን ፓምፗ መድከሟን፣ ለጸሐፊው ሁለት ጊዜ መንገራቸውንና እንድጽፍላቸው መጠየቃቸውን አስታወስኩ። እጽፋለሁ ብዬ አልጻፍኩም።» ፈረምኩና ደብተሩን ይዤ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። ኖርም ከኋላዬ «ሞኝ ነሽ» አለኝ፤ ግን ኮቴን ያቀበለኝ እሱ ነው።

ችሎቱ ተንደር ቤይ ከተማ ነበር፣ መስከረም አጋማሽ። ሦስት ዳኞች ከፍ ብለው ተቀምጠዋል፤ ጋሽ አርቮ ለቀብር የሚለብሱትን ኮት ለብሰው፣ እትዬ ሳይማ ከጎናቸው። ጉዳዩ ሳያልቅ ላናግራቸው ስለማይፈቀድልኝ ያን ሁሉ ሳምንት አልፌያቸው ስሄድ ነው የከረምኩት፤ ስለ ነሐሴው ገጽ የሰሙት ከጠበቃቸው አፍ ነው። የምክር ቤቱ ጠበቃ ሁልጊዜ የሚጠየቀውን ጠየቀኝ፦ በራስዎ እጅ ነው የጻፉት? መቼ? ከዚያ ወዲህ የጨመሩት አለ? ለዚህ ጥያቄ ዕድሜዬን ሙሉ «የለም» ስል ነው የኖርኩት። በዚያ ቀን «አለ፤ ጨምሬያለሁ፤ የጨመርኩበትም ቀን ተጽፏል» አልኩ።

«አራት ወር ቆይቶ የተጻፈ ነገር ማስታወሻ ይባላል?»

«የዘገየ ማስታወሻ ይባላል። መዘግየቱንም ራሱ ይናገራል።»

የሚያዝያውን ገጽ ከፍ አድርጎ አሳየ። «ይህን ባዶ ቦታ መስመር ያላሰመሩበት ለምንድን ነው?»

«በረዶ ሳይ ረስቼው ነው» አልኩ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ እኔ አልፈረድኩበትም።

«እዚህ ላይ መጻፍ ይችሉ ነበር?»

«እችል ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልጻፉም?»

«ያን ዕለት ሚያዝያ ስላልነበረ።»

መካከል የተቀመጠችው ሴትዮ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ አጎንብሳ ጻፈች። የብዕሯ ድምፅ እስከ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር። ቀጥሎ የምክር ቤቱ ጸሐፊ ተጠራና፣ በፊት «አንድም ቀን አልሰማሁም» ሲል የከረመው ሰውዬ «ሱቅ ውስጥ የሆነ ነገር ብለውኝ ይሆናል» አለ።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። ኮፍያቸውን አጠለቁ። «መንገዱ ያዳልጣል፣ ቀስ ብለሽ ንጂ» ብለውኝ አለፉ። እትዬ ሳይማ ግን ቆም አሉ፤ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «አሁንስ ከስተሻል። ዱቄቱን ትተሽው ነው» አሉኝ።

ውሳኔው በዘጠኝ ቀኑ መጣ። የጋሽ አርቮ ፈቃድ አልተነካም፤ ምክር ቤቱ በአስቸኳይ አዲስ ፓምፕ እንዲገዛ ታዘዘ። ለእኔ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ እስከ ጥር መስክ መውጣት የለም። ቢሮ ተቀምጬ የሌሎችን ደብተር እያነበብኩ መልሕቁን የፈታ ጀልባ መስያለሁ፤ የሰው ጠዋት፣ የሰው ዝናብ፣ ያልቆምኩበት ወንዝ ዳር በዓይኔ ያልፋል። የመሥሪያ ቤቱን ወሬ ሁሉ ሰምቼ ጨርሻለሁ፤ ያን ለብቻው እጽፍልሻለሁ፣ በተለይ የሒሳብ ክፍሏን።

ባለፈው ማክሰኞ ጋሽ አርቮ እኔ በየቀኑ የምመላለስበትን መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል ነድተው ቢሮ መጡ። ኖርም «እኔ ልርዳዎት» ቢላቸው «አንተን አልፈለግሁም፣ ሌምፒን ነው» አሉት። ጠረጴዛዬ ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ። «ይቀመጡ፣ ጋሼ» አልኩ። «ቆሜ ነው የምናገረው። ደብተርሽን አውጪ።»

አወጣሁ።

«አዲሱ ፓምፕ ገብቷል። ይሠራል። ግን ሲነሳ ድምፁ አላማረኝም። ጻፊ።»

ጻፍኩ። ብዕሬን ሳነሳ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩና «አንብቢልኝ» አሉ። አነበብኩላቸው። «ቀኑንስ?» «አለ።» «ሰዓቱን?» «አለ፣ ጋሼ።» የቀረውን ባዶ ቦታ እያዩኝ ከጥግ እስከ ጥግ አሰመርኩበት። ያን ጊዜ ወንበሩን ሳቡ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ጉልበቴ ላይ ሊደርስ ትንሽ እስኪቀረው እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ፤ ስለ ዘንድሮው ዓሣ አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩልኝ።

ለግራንት ሰላም በይልኝ፤ ጨው ይቀንስ። ታሪንን በሁለት ጉንጯ ሳሚልኝ፤ ልጁ አሁንም ካለ እሱንም በአንድ ጉንጩ። ለወይዘሮ ዶሪስ ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፤ የሱቁን ጊዜ እትዬ ሳይማን እየመሰልሽ፣ ይወዱታል። ድመቲቱንም አልረሳሁም። ሄል ያለበት የተጎነጎነ ዳቦ በጥቅል ልኬያለሁ፤ ቢደርቅም ወተት ውስጥ ይነከራል። አንቺ ደግሞ ጉልበትሽን ጠብቂ፤ ደረጃውን በቀስታ፣ እጀታውን ይዘሽ።

የምትወድሽ ታናሽሽ
ሌምፒ

ኪቪላ፣ ሐይቁ ዳር
ጥቅምት 9 ቀን 2011 እ.ኤ.አ.
ጠዋት፣ ጭጋግ፣ ነፋስ የለም