የተበወዙት መቶ ሠላሳ በሽተኞች

ውድ ጋሼ፣

ከቤት ከወጣህ ወዲህ ስልኬን ሆን ብለህ እንደማታነሳ ስለገባኝ በወረቀት ልነዘንዝህ መጣሁ። ማኅተም ያለበት የቢሮ ወረቀት ከየት አመጣች እንዳትል፤ ራሳቸው ናቸው የሰጡኝ። ለምን እንደሰጡኝ መጨረሻ ላይ እነግርሃለሁ፤ እስከዚያ ትንሽ ተቃጠል።

«ቁጥሩ ባዶ ነው» በማለትህ ተባረህ ሳጥንህን አቅፈህ ከምርምር ክፍሉ የወጣህ ቀን፣ ፕሮፌሰሩ ሰው ሁሉ እየሰማ «ቀናተኛ!» ሲልህ፣ እኔ እዚያው ቁጥር የማስገባበት ወንበር ላይ ነበርኩ። ትንፍሽ አላልኩም። ዝም ማለቴ ሳያንስ ቤት ስትገባ «የግመሉ ባለቤት መጣ!» ብዬ ሳቅኩብህ።

ግመሉን መቼም አትረሳውም። ወጥ ቤት ቁጭ ብለን ዳቦ መጠቅለያ ላይ የሳልክልኝ ጉብታ። «ስሚ እንጂ፣ አንቺ!» አልከኝ። «መቶ ሠላሳ በሽተኞች አሉን። ከእያንዳንዳቸው መቶ ነገር ለክተናል። የሚለካው ነገር ብዛት የሰዉን ብዛት ሲጠጋ፣ ኮምፒውተሩ ከማትሪክሱ፣ ከቁጥር ሠንጠረዡ ማለቴ ነው፣ የሚያወጣቸው አይገንቫልዩዎች፣ ማለትም የለካናቸው ነገሮች ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ የሚናገሩት ቁጥሮች፣ ይለጠጣሉ። ምንም ምስጢር ባይኖርም ትልቅ ቁጥር ይወጣል። ግን ከአጋጣሚ ብቻ የሚመጣው የባዶ ነገር ጉብታ ጠርዝ አለው። ከጠርዙ ርቆ ብቻውን የቆመ ካለ፣ እሱን አምናለሁ። የፕሮፌሰሩ ቁጥር ግን ጠርዙን አላለፈም።»

«ጋሼ፣ ይሄማ ግመል ነው» አልኩህ።

ፕሮፌሰሩ ግን በዚያ አንድ ቁጥር በሽተኞቹን ለሁለት ከፍሎ፣ አርባዎቹን «መድኃኒቱ አይሠራላቸውም፤ ይቁምባቸው» ሊል ነበር። ሪፖርቱ ለሚያጸድቁት እንግዶች ሊቀርብ አንድ ቀን ሲቀረው ያ የዳቦ መጠቅለያ ከኪሴ ወጣ። ያኔ ሰይጣኔ ተነሳ።

ዋናውን ፋይል አልነካሁም፤ እንደሱ ያለች ጅል አይደለሁም። ቅጂውን ከፍቼ እያንዳንዱን ዓምድ ለብቻው እንደ ካርታ በወዝኩት። የአንዱ ስኳር ለሌላው፣ የዚያ የልብ ምት ለዚህ። አንድም እውነተኛ በሽተኛ አልቀረም፤ የሁሉም ቁራጭ ብቻ። ምስጢር ቢኖር ኖሮ እዚህ መጥፋት ነበረበት። ከዚያ «የጸዳ» የሚል ስም ሰጥቼ ለፕሮፌሰሩ አቀበልኩት።

በማግስቱ እንግዶቹ ፊት ቁልፉን ተጫነ። ግድግዳው ላይ ያ የሚመካበት ቁጥር እንደ ረጅም ዘንግ ብቅ አለ፤ ቁመቱ ከዋናው ፋይል ጋር ያው ነው ማለት ይቻላል።

«አያችሁ? ምስጢሩ ይሄውላችሁ!» አለ።

እጄን አወጣሁ።

«ምን ፈለግሽ ደግሞ?»

«ፕሮፌሰር፣ እነዚህ ሰዎች እኮ የሉም።»

«ምን?»

«ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ በውዣቸዋለሁ።»

አንዲት በዕድሜ የገፉ ሐኪም ከእንግዶቹ መሃል መነጽራቸውን አስተካከሉና «እስቲ ዋናውንም አጠገቡ አውጡት» አሉ። ወጣ። ሁለት ግመሎች ጎን ለጎን፣ መንትያ! ሴትዮዋ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «ታዲያ በዚህ ነው እንዴ አርባ ሰው መድኃኒት የምትከለክለው?» አሉት።

«ውጪ! ስምንተኛን እንኳ ያልጨረስሽ!» ብሎ ጮኸብኝ።

«ለመበወዝ ስድስተኛም ይበቃል» ብዬ ወጣሁ።

ሪፖርቱ ታግዷል፤ አርባዎቹም መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ነው። ሐኪሟ በኋላ የዳቦ መጠቅለያውን ሳሳያቸው «ጠርዙን ያሰመረውን ሰው አምጡልኝ» ብለዋል፤ ሐሙስ ጠዋት ይጠብቁሃል። እንዳትኮራ፤ ሸሚዝህን ተኩሼልሃለሁ፤ አንገቱ ጋ ትንሽ ተቃጥሏል።

አሁን የወረቀቱ ነገር። ፕሮፌሰሩ «እንግዶቼ ፊት ስላዋረድሽኝ የይቅርታ ደብዳቤ ካልጻፍሽ ሥራሽን እርሺው» ብሎ ያስላከልኝ ነው። አንድ ገጽ ብቻ። ረሳሁታ! ለእሱ አንዲት ጠብታ ቀለም አላባክንም። ግን ወረቀቱ ለይቅርታ ከተሰጠ ለይቅርታ ይዋል ብዬ ነው የጻፍኩልህ።

ይቅርታ ጋሼ። ያን ቀን ከወንበሬ መነሳት ነበረብኝ።

ለእሱ የሚሆን ቦታ አልተረፈም፤ ገጹ ሞላ።

በጥባጯ እህትህ