ከከሉ ሥር አረንጓዴ ቀሚስ

ደባርቅ፣ ሐምሌ መጨረሻ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፤

ከአራስ ቤት በሰላም ወጣሽልኝ ወይ? ጡትሽስ ሞልቷል? ሕፃኑ ወንድ ይሁን ሴት ይህን ስጽፍ ገና አላወቅሁም፤ አንቺ ስታነቢው ግን ክርስትና ተነሥቶ ስም ወጥቶለታልና በእኔ ፋንታ ግንባሩን ሳሚልኝ። ባልሽ እንዴት ነው? ያ ሁልጊዜ የምታማርሪው የጅቡቲ ወበቅስ ረገብ አለላችሁ? እኛ ጋ ጉሙ ከሰኔ ጀምሮ ከደጅ አልተነሣም። ዛሬ ደግሞ በረዶ ጥሎ ቆርቆሮው ሲንጫጫ ስለዋለ ከእማዬ ጋር እየተጯጯህን ነው የተነጋገርነው። እኔ ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

እታለም፣ ይህን ደብዳቤ የምትሰጥሽ እማዬ ናት። አባዬ ማረፉን በገዛ አፏ ከነገረችሽ በኋላ ነው የምትሰጥሽ፤ እንደዚያ ተነጋግረናል። ስለዚህ መርዶውን እኔ አልደግመውም። በሰኔ ከሳንቃ በር የፓርክ ጥበቃው ሲወርድ ብርድ መትቶት እንደመጣ፣ ሳምባ ምች ነው እንደተባለ፣ ጎንደር ብናደርሰውም እንዳልሆነ ነግራሻለች። ባልሽ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያውቃል። እኛ ነን ዝም በል ያልነው፤ እሱን አትቆጪው።

እኔ የምጽፍልሽ ስለ እማዬ ሻንጣ ነው። አሁን ተቀይመሻት ይሆናል። ባሏን ቀብራ መጥታ፣ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ፣ አጠገቤ ስትስቅና ገንፎ ስታገነፋ ከረመች ብለሽ እንዳታዝኚባት እፈራለሁ። እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን እቀየም ነበር። ግን ያንን ቀሚስ እንዴት እንደለበሰችው እኔ አይቻለሁ፤ አንቺ አላየሽም። ሳታውቂ ፊትሽን እንዳታዞሪባት ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

አባዬን የቀበርን ዕለት እማዬ አላለቀሰችም። ታውቂያታለሽ፤ ለሰው ለቅሶ ሄዳ ሙሾ ስታወርድ መንገደኛው ሳይቀር ቆሞ ነው የሚያለቅሰው። ለአባዬ ግን የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ዝም አለች። ደረቷን አልመታችም፣ ፊቷን አልነጨችም። ሴቶቹ መጀመሪያ ደንግጣ ነው አሉ፤ እየቆየ ግን ምን ያለች አንጀተ ደረቅ ናት ማለት ጀመሩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ገርሞኝ ነበር።

የገባኝ እሑድ አንቺ ስትደውዪ ነው። ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ነበር፤ የወገራ ዘመድ፣ ጎረቤቱ፣ የአባዬ ባልደረቦች ስካውቶቹ ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው። ስልኩ ሲጮኽ እማዬ እጇን ወደ ላይ አነሣች። ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ዋጠ። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ በዚያው በምታውቂው ድምጿ፣ እንዴት አደርሽ የኔ እናት፣ እግርሽ ማበጡ ተወሽ ወይ አለችሽ። አባዬን ስትጠይቂ ሳንቃ በር ነው፣ ኔትወርክ የለም አለችሽ። ለነገሩ ዕድሜውን ሙሉ ሳንቃ በር ስለነበረ አልተጠራጠርሽም። ከዚያ በሙቀቱ የተነሣ አንሶላ ውኃ ነክራችሁ እንደምትተኙ ነገርሻትና ሳቀች። ከልቧ ነው የሳቀችው። ስልኩን ስትዘጋ ድንኳኑ ሙሉ ሰው ያለቅሳል፤ እሷ ብቻ ዓይኗ ደረቅ ነበር። በኋላ ብጠይቃት፣ ሙሾ ካወረድሁ ድምፄ ይነጠቃል፤ ድምፄ ከተነጠቀ እሑድ ልጄን በምን አናግራታለሁ አለችኝ። እኔ እንደሷ ያለ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም፣ እታለም።

ጸጉሯን ግን ተላጭታለች። ሰውየውን እንዲያው በባዶው ልሸኘው ወይ ብላ እሱን አልተወችም፤ ጸጉርን ሻሽ ይሸፍነዋል አለች። በዚያ ወበቅ ሻሿን አላወልቅም ብላ ካስቸገረችሽ ለዚህ ነው።

በሠልስቱ ማግስት ያሏትን ቀሚሶች በሙሉ ጥቁር ቀለም ውስጥ ነከርናቸው። አንድም አልተረፈ። በሳምንቱ እኔ ጅቡቲ መሄዴ ነው፣ ልጄ የበኩር ልጇን ያለ እናት አትወልድም ብላ ተነሣች። አክስታችን ዘቢደር ከዳባት ስትመጣ ሰምታ ራሷን ያዘች። አንደኛ፣ አርባው ሳይወጣ ከሐዘን ቤት ወጥቶ መሄድ ነውር ነው፤ ሁለተኛ፣ ከል ለብሰሽ ብትሄጂ ገና ከበሩ ስታይሽ በድንጋጤ ያማታል፤ አውልቀሽ ብትሄጂ ደግሞ ምን ለብሰሽ ነው አለቻት። እማዬም የነፍስ አባታችንን አባ ገብረ ኪዳንን ልጠይቅ አለች። እሳቸውም የሥላሴ በዓል ይለፍና እመልስልሻለሁ አሏት። እማዬ ግን መልሱን እስኪሰጧት እጇን አጣጥፋ አልጠበቀችም።

ልብሱን ለመግዛት ዳባት ወረድን። ከል የለበሰች ሴት ደባርቅ ገበያ ላይ አረንጓዴና ብርቱካን ስታማርጥ ብትታይ ምን እንደሚባል አታጪውም። ዳባትም ቢሆን እማዬ ልብሱን በእጇ አልነካችም፤ ራቅ ብላ ቆማ በዓይኗ ነበር የምትመርጠው። የምትለካው ዘቢደር ናት። ዘቢደር ደግሞ መተማ ሰሊጥ ስትነግድ ስለኖረች ስለ ሙቀት ከኔ በላይ ላሳር ባይ ናት። ጨርቁን ሁሉ አፏ ላይ ለጥፋ እፍ ትልበታለች፤ ትንፋሿ ካላለፈ ትወረውረዋለች። ባለሱቁ ሸቀጤን በምራቅሽ ጨረስሽው ብሎ ቢጮኽባት፣ ይኼ ናይለን እህቴን አብስሎ ሊበላት ነው፣ አንተ ደግሞ ለምራቅ ታዝናለህ አለችው። እማዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ያን ቀን ትሳቅ ታልቅስ አላወቅሁም።

ጋቢውን በተመለከተ ግን ተሸንፈናል። እማዬ ሙቀቱን አምናለች፤ ሌሊት የማይበርድበት አገር አለ ብትያት ግን አታምንሽም። ቀን የፈለገውን ያቃጥል፣ ሊነጋጋ ሲል ያልበረደ አገር እኔ አላውቅም ትላለች። ድሬዳዋ ላይ ስታድሪ ታዪዋለሽ አልኋት፤ እንኳን ድሬዳዋ የትም ሄጄ ያለ ጋቢ አላድርም አለች። የሱፍ ካልሲም ሁለት ጥንድ ይዛለች። አንዱ የአባዬ ነው። እባክሽ ስታገኚው እንዳላየሽ ሁኚ ልልሽ ነበር፤ ለካ ይህን ስታነቢ ሁሉንም አውቀሻል።

ደግሞ ያ በሰው የላክሽላት ስስ ድሪያ ትዝ ይልሻል? ገላ ያሳያል ብላ መስኮት ላይ መጋረጃ አድርጋው ነበር። አባዬ ከበር ሲገባ፣ ልጄ የላከችው ቀሚስ ለመስኮቱ ልኩ ነው እያለ ያበሽቃት ነበር። ያንን አውርዳ አጥባ ከሻንጣው አናት ላይ አስቀመጠችው። እዚያ ለብሳው አይተሻት ከሆነ እኔ ቀናሁብሽ።

አሁን ወደ አረንጓዴው ልምጣ። ከዳባት ተመልሰን ልብሶቹን አልጋው ላይ ስንዘረጋ እማዬ አየቻቸው አየቻቸውና ፊቷ ጠቆረ። ልጄ ታውቀኛለች አለች። በአንድ ክረምት ይህን ያህል አዲስ ቀሚስ ገዝቼ አላውቅም፤ ሻንጣዬን ስትከፍት ሁሉ አዲስ አዲስ ከሸተታት ነገሩ አለቀ አለች። እኔ ይኼን አላሰብሁትም ነበር፤ ዘቢደርም አላሰበችውም። በማግስቱ አረንጓዴውን ከከሉ ሥር ለበሰችው። ለቅሶ ደራሽ እየተቀበለች፣ እንጨት እየተሸከመች፣ ምድጃ ሥር እየተንበረከከች፣ ከላይ ጥቁር ከሥር አረንጓዴ ለብሳ ትውላለች። ከዚያ ታጥበዋለች፤ ፀሐይ ስለሌለ እሳት ዳር ታደርቀዋለች፤ ሌላውን ትቀይራለች። የእጅጌውን ጫፍ በድንጋይ ታሸዋለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ሳያት፣ ሰው ሐዘኑን ትቶ ልብስ ማስረጀት እንዴት ቻለ እያልሁ እደነቅ ነበር። ለካ ሐዘኗን አልተወችም፤ ቀጠሮ ሰጥታው ነው።

አንድ ቀን ጎረቤታችን እትዬ ማንጠግቦሽ ተቀምጣ ሳለ እማዬ እንጨት ልታነሣ ጎንበስ ስትል የአረንጓዴው ጠርዝ ወጣ። ማንጠግቦሽ አየች፤ ብድግ ብላ ወጣች። ሲመሽ ወፍጮ ቤት የነበረው ሰው ሁሉ ሰምቶታል። የባሏ አፈር ሳይደርቅ አረንጓዴ ለበሰች፣ አንድ ያሰበችው ነገር ቢኖር ነው ተባለ። እኔ ደሜ ፈላ። ሄጄ ልንገራቸው ብል እማዬ ክንዴን ያዘችኝ። አባ ሳይፈቅዱልኝ ልሄድ መሆኔን አላወራም፤ እኔን ይበሉኝ፣ ምንም አልሆንም አለችኝ። ያን ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ሴቶች ጥግ ጥጉን ይዘው ያሟት ነበር። አንድም ቀን ቀና ብላ አልመለሰችላቸውም።

አባ ገብረ ኪዳን ከሥላሴ በኋላ መጡ። ነገሩን አንድ በአንድ ካዳመጧት በኋላ፣ የሞተውን በጸሎት የምናስበው እኛ አለን፣ የምትወልደውን ግን ከአንቺ በቀር የሚይዛት የለምና ሂጂ አሏት። ድንጋጤ ወተት ያደርቃልና ክርስትናው እስኪያልፍ ድረስ እንዳትነግሪያት ብለው አዘዟት። እኔ ጃንጥላቸውን ይዤ እየሸኘሁ እጃቸውን ሳምሁ፤ ይኼ የእናትሽ ነገር ለእኔም ስብከት ሆኖኛል አሉኝ።

ማንጠግቦሽ ይህን ስትሰማ በነጋታው መጣች። ይቅርታ አላለችም፤ እሷ እንዲህ ያለ ነገር አይወጣትም። ከነጠላዋ ሥር ብጫ አበባ ያለበት የራሷን ቀሚስ አውጥታ፣ ይኼ ለብዙ ዘመን የለበስሁት ነው፣ አያሳብቅም አለቻት። እማዬ ተቀብላ ሳመቻት። እኔ ማንጠግቦሽን ገና አልማርኋትም፤ ቀሚሱ ግን ደግ ቀሚስ ነው።

እንግዲህ ሻንጣው ይኸው ተዘግቶ በር ላይ ቆሟል። ነገ በጠዋት ጎንደር እሸኛታለሁ፤ አዲስ አበባ ላይ የባልሽ ወንድም ተቀብሎ ባቡር ያሳፍራታል። እሷ ከጎንደር ወዲያ ሌላ አገር አይታ አታውቅም፤ ግን ከመንገዱ ይልቅ የሚያስፈራት ያንቺ ዓይን ነው። ሳያት ፊቴ ያሳጣኝ ይሆን ወይ እያለች በመስታወት ፊት ስትስቅ አግኝቻታለሁ። መሳቅ ስትለማመድ ነበር።

አሁን የምለምንሽን ስሚኝ። እኔ አልቅሻለሁ፤ አገሩም አልቅሷል። ያላለቀሰች እሷ ብቻ ናት። ለእኛ አባዬ ያረፈው ሰኔ ላይ ነው፤ ለእማዬ ግን የለቅሶው ቀን ለአንቺ የነገረችሽ ዕለት ነው። ስለዚህ አንቺ ብቻ አታልቅሺ፤ እሷንም አስለቅሻት። በላይም በታችም ሰው ያለበት ፎቅ ውስጥ እንደምትኖሪ አውቃለሁ፤ ለጎረቤቶችሽ ንገሪያቸውና ሙሾዋን እንደልቧ ታውርድ። ሻሿን አውልቂላት፤ ጭንቅላቷን ንፋስ ይንካው። ድምጿ ቢነጠቅ ግድ የለም። እሑድ የምደውለው እኔ ነኝ፤ ጎርንኖ ብሰማውም አልደነግጥም።

ለአርባው እኔና አክስታችን አለን፤ ድግሱን አታስቡ። ቤቱ ትንሽ ሰፋብኝ እንጂ ምንም አልሆንሁም።

እግዚአብሔር ልጅሽን በአያቱ ቁመት ያድርስልሽ፤ ቤትሽን ሰላም ያድርገው፤ የአባዬን ነፍስ ያሳርፍልን፤ እናታችንን ለሁለታችንም ያቆይልን።

አንድ ነገር ቀርቷል። ማታ ሻንጣውን ስንዘጋ ከሉን ከሥር ላስገባው ወይ ብላት፣ አይሆንም፣ ሻንጣዬን መጀመሪያ የምትከፍተው እሷ ናት አለችኝ። ስለዚህ ጥቁር የሚባል ነገር ይዛ አልመጣችም። እሱን የምትገዢላት አንቺ ነሽ። ስስ ጥጥ ይሁን፣ ሙቀቱን አትችለውም። ለራስሽም አብረሽ ግዢ። የኔን እኔ ለብሻለሁ።

ታናሽ እህትሽ