ወይዘሪት ተመላሽ

ውድ ባለቤቴ፣

«ውድ» ስላልኩህ የታረቅኩህ እንዳይመስልህ። አልታረቅኩም። ያቺ ሴትዮ «ውድ» ብላ ስትጽፍልህ ፊትህ እንዴት እንደበራ ስላየሁ፣ እስቲ እኔም ልሞክረው ብዬ ነው። ስደውል አታነሳም፤ መልእክት ብልክልህም ጆሮ ዳባ ልበስ ብለሃል። ስለዚህ ይሄን ወረቀት ስፖንጅ ለሚያመጣልህ ሹፌር ሰጥቼዋለሁ። አንብበህ እስክትጨርስ ከፊትህ ንቅንቅ እንዳይል ነግሬዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ቁም ካሉት የሚቆም ሰው ነው።

ተናደህ መሃል ላይ ልትቀደው ስለምትችል ዋናውን ነገር መጀመሪያ ልንገርህ። ሰኞ ባንክ ስትሄድ የሂሳባችንን ስልክ ቁጥር ከኔ ወደ አንተ እንዳታስቀይር። ያስቀየርክ ዕለት ሂሳቡ ባዶ ይሆናል። የአዳራሹ ሰዎች ለወንበሮቻቸው የሰጡን ቀብድ እዚያው ውስጥ ነው፤ እሱ ከሄደ ሱቁም አብሮ ሄደ ማለት ነው። እንዴት አወቅሽ ትለኝ ይሆናል። ቀንቼ ነው ያወቅኩት።

እኔና አንተ እዚያች ሱቅ ውስጥ ስንት ዘመን ጀርባ ለጀርባ ሠራን፤ አንተ የሶፋውን እንጨት ስትመታ፣ እኔ ልብሱን ስሰፋ። አንድ ቀን ስልክ ይዘህ ብቻህን ስትስቅ አይቼህ አላውቅም። ግብር ከፍለን ከመጣን በኋላ ግን ሌላ ሰው ሆንክ። መዶሻህን ታስቀምጥና በዚያ ሚስማር ባጠቆረው አውራ ጣትህ ፊደል ስትለቅም ትውላለህ፤ ጥርስህ አልከደን ይላል። 

«ምንድነው የሚያስቅህ?» ስልህ፣ «የሥራ ነው» አልከኝ። የሥራ! ለስፖንጅ ነጋዴው እንኳ «ላክ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የማትጽፍ ሰውዬ!

የእጅህን ኮላ ልትታጠብ ስትወጣ ስልክህን አየሁት። አዎ፣ አየሁት፤ አይጸጽተኝም። «ክብርት ሆይ፣ ስላሳዩኝ ትዕግስት ከልብ አመሰግናለሁ» ይላል። አንጀቴ አረረ። ከተጋባን ጀምሮ እኔን ስለ ትዕግስቴ አመስግነኸኝ ታውቃለህ? ስትመለስ ፎጣውን እንኳ ሳላቀብልህ ነው የጀመርኩህ።

«ማናት?»

«የግብር ቢሮ የተመላሽ ክፍል ኃላፊ ናት። ከሚገባችሁ በላይ ከፍላችኋል፣ ተመላሽ አላችሁ ብላ ነው።»

«ገንዘብ የሚመልስ ሰው ሁሉ ክብርት ሆይ ይባላል?»

«ታዲያ ምን ልበላት? የኔ ቆንጆ ልበላት?»

«እሱማ ቀርቶህ ነው!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በልቤ ወይዘሪት ተመላሽ አልኳት። ወይዘሪት ያልኳት፣ ባል ያላት ሴት ለሰው ባል እንዲህ እንደማትለፋ ገምቼ ነው።

ከዚያ የቁጥሩ ነገር መጣ። ሂሳቡን የከፈትን ዕለት ስልክህ ኮላ ቆርቆሮ ውስጥ ገብቶ ስለነበር የኔ ስልክ ነበር የተመዘገበው። እና አንተ የሄድክ ዕለት ጨርቅ እየቆረጥኩ ከባንክ አንድ ቁጥር ገባልኝ። አንተ ከዚያ ማዶ ስልክህ ላይ አቀርቅረህ፣ «ቁጥር ገባልሽ? ንገሪኝ፣ ቶሎ በይ!» አልከኝ።

«ለምንድነው?»

«ለሷ ልልክላት ነዋ! ዛሬ ካላለቀ ይሰረዛል ብላለች።»

«ለሷ ከሆነ አልናገርም።»

እውነቱን ልንገርህ? ከቁጥሩ በታች «ለማንም አይናገሩ» ተብሎ ተጽፏል፤ እኔ ግን እሱን አክብሬ አይደለም የከለከልኩህ። ጭራሽ አላነበብኩትም። ለሷ የሚሆን ነገር ከኔ ስልክ እንዲወጣ ስላልፈለግኩ ነው። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ራሱ መጥቶ ቢለምነኝ አልሰጥም ነበር። ለመንከኝ፣ ተቆጣኸኝ፣ እኔም ሽንጤን ገትሬ እምቢ አልኩ። «ቅናትሽ አንድ ቀን ይሄን ቤት ያፈርሰዋል!» ብለህ መሣሪያህን ሰበሰብክና የአዳራሹን ወንበሮች ልትሠራ ወደዚያ ከተማ ወጣህ። በሩ ላይ ዞረህም ደህና ዋይ አላልከኝም። «ሰኞ እዚያው ባንክ ገብቼ ቁጥሩን ወደኔ አስቀይረዋለሁ» ነው ያልከኝ።

ስትሄድ በሱቁ ኮምፒውተር ላይ ኢሜይልህን ክፍት ትተኸው ነበር። ወንበር ስቤ የተጻጻፋችሁትን በሙሉ፣ ፈተና እንደሚያርም አስተማሪ፣ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አንተ «ክብርት ሆይ» ትላታለህ፤ እሷ «ውድ ግብር ከፋይ» ትልሃለች። ስምህን አንድም ቦታ አልጠራችም፤ የግብር መለያ ቁጥርህንም አልጻፈችም። እሰይ አልኩ፣ ስሙን እንኳ አታውቀውም! ቀኑን ሳይ ደግሞ እሁድ ነው። ቢሮ ዝግ በሆነበት ቀን ተቀምጣ ለሰው ባል የምትጽፍ ምን ዓይነት ሴት ናት? አድራሻዋን አየሁት፤ ደረሰኛችን ላይ ካለው የቢሮው አድራሻ ጋር አይገጥምም፣ ጫፉ ላይ ሌላ ነገር ተቀጥሎበታል። በቃ፣ የግል አድራሻዋን ሰጥታዋለች ብዬ ደሜ ፈላ። ሌላ ሰው ይሄን ሁሉ አይቶ ሌባ ይል ነበር። እኔ ውሽማ አልኩ።

ወረድ ስል ደግሞ ያንን አገኘሁት። «ወገቤን ክፉኛ ስላመመኝ ምላሼ በመዘግየቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ» ብለሃታል። ወገብህን! እኔ «ምን ሆነህ ነው ጎንበስ ብለህ የምትሄደው?» ስልህ «ምንም አልሆንኩም፣ ተይኝ» ያልከኝ ያን ሰሞን አይደለም እንዴ? እዚህ ላይ አለቀስኩ። አላፍርበትም፣ አለቀስኩ። ብትስቅላት አንድ ነገር ነው፤ ሰው ግን ሕመሙን የሚናገረው ለሚቀርበው ነው። እሷስ ምን ብላ መለሰችልህ? «ከታች ያለውን ሊንክ ይጫኑ።» እግዜር ይማርህ እንኳ አላለችህም፣ አንተ ቂል!

ይሄኔ ነው የማላደርገውን ያደረግኩት። ጻፍኩላት። «አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ሚስቱ ነኝ። እፍረት ካለሽ ባሌን ልቀቂ። ሁለተኛ ብትጽፊለት ቢሮሽ ድረስ መጥቼ በሰው ፊት አዋርድሻለሁ» አልኳት። ሌላም ጨምሬያለሁ፤ ወረቀቱን ሹፌሩ ከከፈተው ያፍራል ብዬ ነው የማልደግመው። ወዲያው መልስ መጣ።

«ውድ ግብር ከፋይ፣ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን። ተመላሽዎ እንዳይሰረዝ ዛሬውኑ ከታች ያለውን ሊንክ ይጫኑ።»

ደግሜ ሰደብኳት፣ ያውም በዘር ማንዘሯ። ደግማ አመሰገነችኝ።  ሴት በወንድ ምክንያት ተሰድባ እንዲህ አትሆንም። ወይ ትክዳለች፣ ወይ ብሶባት ሞልጫ ትሳደባለች፣ ወይ ታለቅሳለች። «ስለ ትብብርዎ» የምትል ሴት እስከዛሬ አልተፈጠረችም። ለጎረቤታችን ለጸጉር ሠሪዋ ብነግራት፣ «ሄደሽ ፊቷን እያት፤ ፊቷን ካላየሽ እንቅልፍ የለሽም» አለችኝ። ጸጉሬንም ሠራችኝ፤ ለማን ብዬ እንደተሠራሁት እንጃ። በማግስቱ ለሠርግ የምለብሰውን ቀሚስ ለብሼ፣ ተረከዝ ያለውን ጫማ አድርጌ፣ ኢሜይሎቹን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ግብር ቢሮ ሄድኩ። ወረፋ ይዤ ሴቶቹን ሠራተኞች አንድ በአንድ እያየሁ፣ ይቺ ትሆን፣ ያቺ ትሆን እያልኩ ተራዬ ደረሰ። መስኮቱ ላይ ያለው መነጽር ያደረገ ሸምገል ያለ ሰው ነው።

«ማንን ፈልገው ነው?» አለኝ።

«የተመላሽ ክፍል ኃላፊዋን። ከባሌ ጋር የምትጻጻፈዋን።»

ከኋላዬ ያለው ሰው ሁሉ ጆሮውን አቆመ። ሰውዬው ስልኬን ተቀበለኝና ማንበብ ጀመረ። ሲጨርስ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ከንፈሩን መጠጠ።

«የኔ እህት፣ እኛ እዚህ ቢሮ ሰው እንዲህ አናቆላምጥም።»

«ታዲያ ማናት?»

«የለችም። እንዲህ የምትባል ኃላፊም፣ እንዲህ የሚባል አድራሻም የለንም። የይለፍ ቃልም ሆነ ከባንክ የሚመጣ ቁጥር እኛ በኢሜይል አንጠይቅም። ዛሬ ካልተጫኑ ይሰረዛል እያለ የሚያጣድፍ ሌባ ነው፤ የሚያጣድፈው ሰው እንዳያስብ ነው። ባለቤትዎ ሊንኩን ተጭነው የሞሉት ነገር አለ?»

«የሂሳቡን ቁጥርና የይለፍ ቃሉን ሳይሞላ አይቀርም።»

«ከባንክ የመጣውንስ ቁጥር?»

«እሱን እኔ ከለከልኩት።»

«ጎበዝ! ቤትዎን አዳኑት። እንዴት ጠረጠሩ?»

ምን ልበለው? በዚያ ሁሉ ወረፋ ፊት ቀንቼ ነው ይባላል እንዴ? «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አልኩት። እሱ ደግሞ ወሬው ጣመውና ሳቅ እያለ ጨመረልኝ፤ ባለፈው አንድ ሽማግሌ ያቺኑ ሴትዮ ሊያመሰግኑ ስጦታ ጠቅልለው መጥተው ነበር አለ። ለስንቱ እንደምትጽፍ አይታወቅም። ሴት መሆኗንስ ማን አየ፣ ጢማም ጎረምሳ ሊሆን ይችላል አለኝ። መስደቤን ስነግረው ግን አልሳቀም። «ስድብም ቢሆን አይመልሱላቸው። በዚያ አድራሻ ሰው እንዳለ ነው የሚያውቁበት» አለኝ።

ከዚያ በቀጥታ ባንክ ሄድኩ። ሂሳቡ በስምህ ስለሆነ ባለቤቱ ራሱ ይምጣ ብለው መለሱኝ። የኢሜይሉን የይለፍ ቃል ግን ጸጉር ሠሪዋ አግዛኝ ቀይረነዋል። እንግዲህ ሰኞ ባንክ ሂድ፤ ሄደህ ግን ቁጥሩን ሳይሆን የይለፍ ቃሉን አስቀይር፣ የሆነውንም ሳታፍር ንገራቸው። ቅናቷ ነው የሚያስወራት ካልክ እዚያው ከተማ ያለው የግብር ቢሮ በእግርህ ሄደህ ጠይቅ፤ ወይዘሪት በላከችልህ ስልክ እንዳትደውል። ዛሬም ስልኬ ላይ ያ የባንክ ቁጥር እየደጋገመ ይገባል። ሌቦቹ በር እያንኳኩ ነው፤ ከዚያ በር በስተጀርባ የቆምኩት ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ስልኬን የሽርጥ ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነው የምሰፋው። አንተ ብትሆን ቁጥሩ ከመግባቱ «ክብርት ሆይ» ብለህ ትልክላት ነበር፤ አውቅሃለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። አንተ ገና አልጣልክም፣ ስለዚህ አንገትህን አትድፋ።

ከባንኩ ወጥቼ ወደ ቤት ስሄድ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ውሽማ የለህም፣ ሂሳባችንም አልተነካም፣ የልብስ ስፌት መኪናዬም እዚያው ናት። ግን አላለኝም። እዚያ ተረከዝ ጫማ ላይ እየተንገዳገድኩ፣ የለችም ከተባለች በኋላ እንኳ እየቀናሁባት ነበር የምሄደው። አሁንም እየቀናሁ ነው። ምክንያቱ ምን መሰለህ? እሷ የጻፈችው ውሸት ነው፤ ለሁሉም የምትልከው አንድ ዓይነት ቃል ነው። አንተ የጻፍክላት ግን ውሸት አልነበረም። ከራስህ ነው ያወጣኸው። በዚያ ኢሜይል ውስጥ ሲያመው አመመኝ የሚል፣ ሲዘገይ ይቅርታ የሚል፣ ሲታገሡት የሚያመሰግን አንድ ሰውዬ አገኘሁ። ይሄን ሁሉ ዘመን አንድ ማዕድ ስንበላ አግኝቼው አላውቅም።

ሴትዮዋ የለችም። ሰውዬው ግን አለ። የአዳራሹን ሥራ ስትጨርስ እሱን ይዘህልኝ ና።

ቀናተኛዋ ሚስትህ