ዘይቱ ሙሉ ነበር

ለላቦራቶሪው ዋና ሥራ አስኪያጅ
በመሥሪያ ቤቱ

ቀን፦ መጋቢት 4

ጉዳዩ፦ በሐሰተኛ ሪፖርቴ ምክንያት ከሥራ የተሰናበተችው የናሙና አመላላሽ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ስለመጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

እኔ አመልካች በጥገና ክፍሉ ለዘጠኝ ዓመታት የሠራሁ መካኒክ ነኝ። የማመለክተው ግን ስለ ራሴ መብት ሳይሆን በእጄም በብዕሬም ስለበደልኳት ባልደረባዬ ነው።

1. ይህች ባልደረባዬ ከየክሊኒኩ የደም ናሙና የምታመጣባት ሞተር ሳይክል ጤነኛ ነበረች። ባለፈው ጥቅምት ማንም ሳያዘኝ የጭስ ማውጫ ማርሚታዋን ቆርጬ፣ በውስጡ ያለውን ድምፅ ማፈኛ አውጥቼ፣ በምትኩ ቀጥ ያለ ቧንቧ በየድኩባት። ጭሱ ቶሎ ከወጣ ጉልበት ይጨምራል ብዬ ነው። እውነቱን ለመናገር ድምፁም አምሮኝ ነበር፤ ያውም በዚህ ዕድሜዬ።

2. ጭሱ እንዲህ መውጣት ሲቀለው ሞተሩ ብዙ አየር ስለሚስብ፣ ካርቡሬተሩም ቤንዚን እንዲጨምር መስተካከል ነበረበት። ዛሬ ነገ ስል ሳላስተካክለው ቀረሁ። ሞተሯ ጉልበት አጣች፤ ከልክ በላይም ትሞቅ ጀመረች። ሠራተኛዋ ሁለት ጊዜ ጋራዥ ድረስ መጥታ፣ "ጋሼ፣ ይቺ ነገር መጮህ እንጂ መሄድ ትታለች! ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ እየለመንኳት ነው የምወጣው" ብላኛለች። "ትለምጃታለሽ" ብዬ ስቄ ሸኘኋት።

3. ጥር 19 ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ ስትደርስ ፒስተኑ በሙቀት አብጦ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣበቀና ሞተሩ ቀጥ አለ። የናሙናውን ሣጥን ተሸክማ በእግሯ ብትሮጥም ናሙናዎቹ ተበላሹ። አሥራ አንድ ሕመምተኞች እንደገና ተወጉ፤ አንዷ የስድስት ወር ሕፃን ናት።

4. ሞተሩን የፈታሁት እኔ ነኝ። ዘይቱ ሙሉ ነበር። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ግን እንደ ኖራ ነጥቷል፤ የቤንዚን ማነስ ምልክት መሆኑን ጀማሪ እንኳ አይስተውም። እኔ ግን "ዘይት ሳይታይ በመነዳቱ" ብዬ ጻፍኩ። አጣሪ ኮሚቴው ፊት "ዘይቱን በየጠዋቱ አያለሁ፤ ጋሼ ያውቃሉ፣ እሳቸውን ጠይቁ" አለች። ተጠየቅሁ። "ሪፖርቱ ላይ እንደገለጽኩት ነው" አልኩ። በቸልተኝነት ተሰናበተች።

ዕቃዋን ልትወስድ በመጣች ዕለት እጄን ጨብጣ፣ "እርስዎ ምን ያድርጉ፣ ያዩትን ነው የጻፉት" አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ባለፈው እሑድ ቤቷ ሄጄ እናቷ ባሉበት ሁሉንም ነገርኳት። እናትየው ወንበር ስበው "ተቀመጥ እንጂ" ቢሉኝ ቆሜ ነገሬን ጨረስኩ። እሷ ግን፣ "ይቅርታዎን እኔ ምን ላድርገው? ውሸቱን በጻፉበት ቦታ እውነቱን ይጻፉ" አለችኝ። ይኸው እየጻፍኩ ነው።

ስለሆነም፣
ሀ. የስንብት ውሳኔው ተሽሮ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ፣ ሪፖርቴም ከማኅደሯ እንዲወጣ፤
ለ. ይህ ቃሌ በዚያው ኮሚቴ ፊት፣ እሷ ባለችበት እንዲነበብ፤
ሐ. በእኔ ላይ ተገቢው እርምጃ እንዲወሰድ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ሌላም አለ። የመሥሪያ ቤቱን ሁለተኛ ሞተር ሳይክል ማርሚታም የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት የሚነዳትን አዲሱን አመላላሽ አስቁሜ ቁልፉን ተቀበልኩት። "ድምጿ ደስ ይለኛል፣ ምን አደረገችዎት?" ብሎ ተቆጣኝ፤ ቁልፉን ግን አልመለስኩለትም፣ ከዚህ ማመልከቻ ጋር አያይዤዋለሁ። የመጀመሪያዋን ሞተር ሳይክል ፒስተን ቀይሬ፣ ደህና ማርሚታ ገጥሜ፣ ካርቡሬተሯን አስተካክዬ ሞክሬያታለሁ፤ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ወጥታለች። ነገ ጠዋት ናሙና ይዘው የሚጠብቁ ክሊኒኮች አሉ። መንገዱን የምታውቀው ሰው ደግሞ ያለ ጥፋቷ ቤቷ ተቀምጣለች።

ከእፍረትና ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
(ፊርማ)
የጥገና ክፍሉ መካኒክ