የመጀመሪያው ማንኪያ ሳማ

ትርፍዬ፣ ከተለየሽን ወዲህ ሞያሌ ላይ ሁለት ጊዜ ዘነበ። የመጀመሪያው ዝናብ ልብ ሳልለው አለፈ። የአሁኑ ግን ከውኃ ታንከሩ ሥር ያለውን ሳማሽን አብቅሎት ስወጣም ስገባም ፊቴ ተደቅኗል። ከሀገረ ማርያም በጣሳ ተክለሽ ስታመጪው፣ በዚህ ሙቀት አይጸድቅም ብዬ ስቄብሽ ነበር። ታንከሩ እያንጠባጠበለት አሳፈረኝ።

ቤቱ እንዳለ ነው፤ እኛ ነን ያልሆነልን። እኔ ያው ከድንበሩ መንገድ ዳር ጎማ እፈታለሁ፣ እለጥፋለሁ። ልጃችን ማህሌት አስር ዓመቷን ይዛ ዩኒፎርሟ አጥሯታል። ግን አትበላም። ሁለቴ ጎርሳ ጠግቤያለሁ ትልና ሳህኑን ወደ እኔ ትገፋዋለች። ብለምናት፣ ብቆጣት፣ የኬንያዎቹን ጥብስ ዳቦ፣ ማንዳዚ፣ ገዝቼ ብገባ ያው ነው። ክንዷን ስይዘው እደነግጣለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ከመሬት ተነስታ የእማዬን ሳማ ሥራልኝ አለችኝ። ስምሽን ካነሳች ቆይታ ነበር። ምግብ ስለጠየቀችኝም ደስ አለኝ። ችግሩ፣ ከሳማ የማውቀው መብላቱን ብቻ ነው።

ስትለቅሚ እጅሽን የምትሸፍኚበት፣ ከአሮጌ ጎማ ቆርጬ የሰጠሁሽ ላስቲክ፣ በለቅሶው ሰሞን ቤቱ ሲጸዳ ተጥሏል። ጎማ ሲፈታ የኖረ መዳፍ ምን ይሆናል ብዬ በባዶ እጄ ገባሁበት። መዳፌን ትቶ በጣቶቼ መሃልና አንጓዬ ላይ ለበለበኝ። ጎረቤታችን ሎኮ በአጥር አይታኝ፣ ፍየሎቼ እንኳ ዞረውት የሚያልፉትን ቅጠል ለልጅ ልታበላ ነው ወይ፣ ገበያው ሱኩማ ጎመን ሞልቶት የለ ወይ ብላ ሳቀችብኝ። ስቃ ስታበቃ እጇን በፌስታል ጠቅልላ አብራኝ ለቀመች።

ለጋ ለጋውን ቀቀልኩት፣ በማማሰያ መታሁት፣ የባቄላ ዱቄት ነሰነስኩበት፣ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ጨመርኩ። መልኩ ያንቺን መሰለ። መብሰሉን ግን ማን ይንገረኝ? አንቺ የመጀመሪያውን ማንኪያ ሁልጊዜ ለራስሽ ታነሺ ነበር። ምላስሽ ላይ አድርገሽ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ትቆያለሽ፤ እኛ ፊትሽን እያየን እንጠብቃለን። ካላቃጠለሽ ለእኛ ይወጣል፤ ካቃጠለሽ ድስቱ ወደ እሳቱ ይመለሳል። ስግብግብ እያልኩ አሾፍብሽ ነበር።

እኔም እንዳንቺ ማንኪያዬን ነከርኩ። አፌ ሳይደርስ ማህሌት ከእጄ ነጥቃ ጎረሰችው። ዓይኗን ጨፈነች። ትፊው ብላት እምቢ አለች። ቆይታ፣ ትንሽ ይቀረዋል አባዬ፣ አንተ እንዳትቀምሰው አለችኝ። ለምን ስላት፣ አንተም ብትታመም ማን አለኝ አለች። ከንፈሯ ቀልቶ ነበር።

ሳህኑን ለምን እንደምትገፋልኝ የገባኝ ያኔ ነው። እኔ አልበላም አለች ብዬ ስጨነቅ፣ ልጅቷ ለካ እኔን ማብላቷ ነው። አልታመምም ልላት አፌን ከፈትኩ፤ አንቺም እንዲሁ ብለሻት እንደነበር ትዝ አለኝና ዘጋሁት። ሳማው ሲበስል በበቆሎ ገንፎ፣ በኡጋሊ፣ ግማሹን በላች፤ የቀረውን እንደ ልማዷ ወደ እኔ ገፋችው። እያየችኝ ስለነበር በላሁት። ሌላ ምን ላድርግ ትርፍዬ? አንቺ ብትኖሪ የምትያትን እኔ አላውቅም።

ዝናቡ እስካለ ሳማው ያቆጠቁጣል፤ እሷም ሥራልኝ ማለቷ አይቀርም። ትበላልሻለች ብዬ ቃል አልገባልሽም፣ አልችልበትም። የመጀመሪያውን ማንኪያ ግን እሷ ከትምህርት ቤት ሳትመለስ እኔ እቀምሰዋለሁ። ምላሴ ቢያብጥም ዓይኔን ጨፍኜ እቆያለሁ፣ አንቺንም በዚያው አስታውስሻለሁ።