የነነዌ ሕፃናት

ግንቦት 3 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ አቡ ሐሊፋ

ከትናንት ጀምሮ በወረርሽኙ ምክንያት ሙሉ ቀን ከቤት መውጣት ተከልክሏል። ለጥምቀት ወደዚህ ዐረብ አገር መጥቼ፣ ልጄን ተሾመንና ልጆቹን አይቼ ልመለስ ያሰብሁት ሰው፣ አውሮፕላን ማረፊያው ተዘግቶብኝ፣ ተሾመም ከሚሠራበት የራይ ሰፈር መጋዘን በአምቡላንስ ተወስዶ፣ ሚስቱ ሰብለም ሳልዋ ሰፈር ከምታገለግልበት ቤት መውጣት ተስኗት፣ እነሆ ከስምንት ዓመቷ ረድኤትና ገና መራመድ ከጀመረው ጌዲዮን ጋር ብቻዬን ቀርቻለሁ። ምሳ ሩዝ ነበር። አረረብኝ።

ሰብለ ደወለች።

"ማዳም ከወጣሽ አትመለሺም ብላኛለች፣ አባባ። ልጆቹስ?"

"ደኅና ናቸው።"

"ተሾመስ?"

በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ እንዳለ ነገርኋት፤ ከዚህ ሌላ የነገረኝ የለም።

ግንቦት 5

ወላጆች በሌሉበት ቤት ልጆችን የሚያቆማቸው እምነትና መታዘዝ ነው ብዬ፣ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ከመጽሐፍ አንድ ታሪክ እነግራቸዋለሁ። ዛሬ የነነዌን ነገርኋቸው፤ ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ ማቅ እንደ ለበሰ፣ ሕፃናት ከጡት፣ እንስሳት ከውኃ ተከልክለው በአንድ ልብ ስለ ታዘዙ፣ የተቃረበው መቅሠፍት እንደ ተመለሰ።

"ድመትም ጾመች?" አለች ረድኤት።

"ድመትም።"

"ሕፃናቱ አላለቀሱም?"

"አልቅሰዋል። እግዚአብሔር የሰማው ልቅሷቸውን ነው።"

በመልሴ ደስ አለኝ።

ግንቦት 6

ጌዲዮን ሲያለቅስ ዋለ። ጥርስ ይሆን? ጡጦውን የምትሰጠውም የምታጎርሰውም ረድኤት ናት፤ ሳላዛት ትነሣለች። ከሆስፒታል አልደወሉም።

ግንቦት 7

ጌዲዮን ማልቀሱን ተወ። አንገቱን ጣለ። ከፊት ለፊታችን የምትኖረውን ከድጃን ጠራሁ፤ ወሎዬ ናት፣ የረመዳን ጾሟን ይዛለች። ልጁን ታቀፈች። ጡጦውን ከፍታ አሸተተች።

"ውኃ ነው! አባባ፣ ባዶ ውኃ ነው!"

ረድኤት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ከንፈሯ ደርቋል። የሁለት ቀን ምግቧንና የወንድሟን ገንፎ በፌስታል ቋጥራ ከአልጋው ሥር አስቀምጣዋለች። የጌዲዮንን ወተት ማጠቢያው ውስጥ ስትደፋው ነበር።

"አባዬ እንዲድን ነው። እንደ ነነዌ" አለች።

"ሕፃን አይጾምም፣ አንቺ ሞኝ! እኛም ዘንድ አይጾምም!" ብላ ከድጃ ወደ እኔ ዞረች። "እርስዎስ አባባ፣ ወላሂ ምንድን ነው የሚያስተምሯቸው?"

ወደ ልጅቱ ዞርሁ። በዓለ ሃምሳ መሆኑን፣ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ እንደማይጾም አስረዳኋት።

"የነነዌ ሰዎች ሲጾሙስ በዓለ ሃምሳ አልነበረም?"

"ጠጪ" አልኋት።

ወተቱን ጠጣች። ጌዲዮንም በማንኪያ፣ ቀስ በቀስ፣ ወሰደ። ከድጃ ከእጇ ሳታወርደው አዛን ተሰማ። ቴምሯን እኛው ቤት ቆማ በላች።

ግንቦት 8

ጌዲዮን ወተቱን ጨርሶ ጡጦውን ወረወረው። ሌላ ነገር የለም።

ግንቦት 11

ሰብለ ደወለች። መጀመሪያ የሰማሁት ከኋላዋ የምትጣራዋን ማዳም ነው።

"ሞተ አሉኝ፣ አባባ... ሆስፒታሉ ለመጋዘኑ ነግሮ፣ ከመጋዘኑ ደውለው... ሞተ አሉኝ።"

"መቼ?"

"ዛሬ ጠዋት። መጣሁ፣ ማዳም! መጣሁ!"

ተዘጋ። የሞተው ልጄ ነው። ይህን ዐረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብሁት፤ ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ ይመስላል። ዕንባ አልመጣም። ሩዙን ከምድጃው አወረድሁ።

ረድኤትን አስቀምጬ ነገርኋት።

"ወተቱን ስለ ጠጣን ነው?"

ንጉሥ ዳዊት ስለ ታመመው ሕፃኑ መሬት ላይ ተኝቶ እንደ ጾመ፣ ሕፃኑ ግን እንደ ሞተ፣ እርሱም ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ እንጀራ እንደ በላ ተጽፏል። ይህን ታሪክ ነግሬያት አላውቅም። አሁን ልነግራት አፌን ከፈትሁ... ተውሁት።

"አይደለም። በእናንተ አይደለም" አልሁ።

"እሺ" አለች።

አምናኝ ይሁን ታዝዛኝ አላውቅም። ብትጮኽብኝ፣ ይዋሻሉ ብትለኝ፣ ሳህኑን አንሥታ ብትወረውር... ወንድሟን አጠበች። ፀጉሯን ራሷ ጎነጎነች። ይህን ስጽፍ ከጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ቀጥሎ ምን እንድትሠራ እስክነግራት ትጠብቃለች።

የማዛት ነገር የለኝም።